የኒውክሌርና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስጋት በዲጂታል ጥበብ

የኒውክሌርና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስጋት በዲጂታል ጥበብ፣ በኮምፒዩተር የተሠሩ ወይም በኮምፒዩተር የሚታዩ የጥበብ ሥራዎች የሰው ልጅ በራሱ እጅ ከሠራቸው ከሁለቱ ቴክኖሎጂዎች የሚሰማውን ፍርሃት የሚያነሡበት ዘርፍ ነው። ከሥራዎቹ ውስጥ ቪዲዮ፣ የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ድረ ገጽ፣ ካርታ እና ምናባዊ እውነታ (ቪአር) ይገኙበታል። ዘርፉ አንድ የታወቀ ስም ወይም ማኅበር የለውም። የሠሩትም ሠዓሊዎች፣ የፊልም ባለሙያዎች፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እና ተመራማሪዎች ናቸው። የሚያገናኛቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ሰው በዓይኑ የማያየውን፣ በፍጥነትም የማይደርስበትን ነገር እንዴት ሊቆጣጠር ይችላል? ራዲዮአክቲቭ ጨረር አይታይም፣ አይሸትም። ኮምፒዩተር አንድን ምስል አይቶ «ይህ ሚሳኤል ነው» ወይም «ይህ ሰው ነው» የሚልበት ስሌትም ከተመልካች የተሰወረ ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የኮምፒዩተርና የቦምብ የጋራ ታሪክ

ሁለቱን ስጋቶች አንድ ላይ ማንሣት የአርቲስቶች ምናብ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተርና የኒውክሌር ቦምብ አብረው ያደጉ ናቸው። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር መጀመሪያ የታሰበው ለመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ ነበር። በ1945 መጨረሻ የተሰጠው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ግን ከሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የመጣ የሃይድሮጂን ቦምብ ስሌት ነው። ኤኒያክን ከሎስ አላሞስ ጋር ያገናኘው የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚከተሉት አሠራር በስሙ ይጠራል።

ሞንቴ ካርሎ የሚባለው በዕጣ ቁጥሮች የማስላት ዘዴም እንዲሁ ነው። ስታኒስላው ኡላም እና ፎን ኖይማን ዘዴውን ያዳበሩት ኒውትሮኖች በቦምብ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ለማወቅ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ይኸው ዘዴ በኮምፒዩተር ግራፊክስ ውስጥ የብርሃንን ጉዞ ለማስላት ያገለግላል። ስለዚህ በአኒሜሽን ፊልም ላይ የሚታይ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የፍንዳታ ደመና ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቦምቡን ለማስላት በተፈጠረ ሒሳብ ነው።

የኮምፒዩተር ስክሪንም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የሶቪዬት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ለመከታተል በ1950ዎቹ ሴጅ የተባለ የራዳርና የኮምፒዩተር መረብ ዘረጋ። ባለሙያዎቹ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ነጥቦች በብርሃን ጠመንጃ እያነጣጠሩ ይመርጡ ነበር። በዚሁ ስክሪን ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ የአንዲት ቆንጆ ሴት ሥዕል ይታይ እንደነበር በዚያን ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ ያሳያል። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ከታዩት የሰው ምስሎች ውስጥ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የኒውክሌር ጦርነትን እንዲጠብቅ የተሠራው መሣሪያ ሥዕል መሥራት የጀመረው እንግዲህ ከሥራ ውጭ በሆነ ቀልድ ነበር ማለት ይቻላል።

ጉስታቭ ሜትዝገር

ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሕይወት ካገናኙት ቀደምት አርቲስቶች መካከል ጉስታቭ ሜትዝገር (1926–2017) ዋነኛው ነው። በጀርመን ኑረምበርግ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በ1939 ከናዚዎች ለማዳን ወደ ብሪታንያ ከተወሰዱት ልጆች አንዱ ሆነ። ወላጆቹ በሆሎኮስት አልቀዋል። በ1959 ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ ጥበብ የመጀመሪያ መግለጫውን አወጣ። በ1961 በለንደን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ፣ በተወጠረ የናይለን ጨርቅ ላይ አሲድ እየረጨ ሥዕሉ በሕዝብ ፊት እየተበጣጠሰ እንዲያልቅ አድርጓል። በዚያው ዓመት ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ከሚመራው የመቶው ኮሚቴ አባላት ጋር በፀረ ኒውክሌር እንቅስቃሴው ታስሯል።

ሜትዝገር ኮምፒዩተርን የሚፈራ ሰው ቢሆንም አልሸሸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በለንደን የተመሠረተው የኮምፒዩተር ጥበብ ማኅበር አባል ሆኖ ፔጅ የተባለውን መጽሔት አዘጋጅቷል። በዚሁ ዘመን ያቀደው «አምስት ስክሪኖች ከኮምፒዩተር ጋር» የተባለው ሥራ አምስት ግዙፍ ግድግዳዎች ያሉት ሐውልት ነበር፤ ግድግዳዎቹ የተሠሩባቸውን ቁርጥራጮች ኮምፒዩተር እየመረጠ አንድ በአንድ ያስወጣቸዋል፣ ከዓመታት በኋላም ምንም አይቀርም። ሐውልቱ ከቶ አልተሠራም። ሐሳቡ ግን የኋለኞቹን ሥራዎች ቀድሞ ያመለከተ ነው፤ ጥፋቱ በንዴት የሚመጣ ሳይሆን ትዕዛዙን በትዕግሥት የሚፈጽም ማሽን የሚያከናውነው ነው።

የሐሰት ማስጠንቀቂያዎች እና የኮምፒዩተር ጨዋታዎች

ኮምፒዩተር በስሕተት ጦርነት ይጀምር ይሆናል የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። ኖቬምበር 9 ቀን 1979 በሰሜን አሜሪካ የአየር መከላከያ ዕዝ ለልምምድ የተዘጋጀ መረጃ እንደ እውነተኛ ጥቃት በስክሪኖቹ ላይ ታየ። በጁን 1980 ደግሞ 46 የአሜሪካ ሳንቲም የሚያወጣ አንድ ቺፕ ተበላሽቶ ሚሳኤሎች እየመጡ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ይበልጥ የሚታወሰው ግን ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሆነው ነው። በዚያ ሌሊት የሶቪዬት ሳተላይቶች ከአሜሪካ አምስት ሚሳኤሎች መተኮሳቸውን አስታወቁ። ተረኛው መኮንን ሌተናል ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ግን፣ ጥቃት ቢሆን ኖሮ በአምስት ሚሳኤል አይጀመርም ብሎ በማሰብ፣ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ሲል ለአለቆቹ አሳወቀ። ሳተላይቶቹ እንደ ሚሳኤል የቆጠሩት ከከፍተኛ ደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በዛሬው የኮምፒዩተር ሳይንስ ቋንቋ ይህ የምደባ ስሕተት ይባላል።

በዚያው ዓመት በበጋ የታየው «ዋር ጌምስ» የተባለው ፊልም አንድ ወጣት ጨዋታ ያገኘ መስሎት የጦር ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ፣ ኮምፒዩተሩም ጨዋታንና እውነተኛ ጦርነትን መለየት ሲያቅተው ያሳያል። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ፊልሙን አይተው እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ሊሆን ይችል እንደሆነ የጦር አለቆቻቸውን ጠይቀዋል፤ መልሱ አዎንታዊ ሆኖ በመገኘቱም በ1984 የመንግሥት ኮምፒዩተሮችን ደኅንነት የሚመለከት መመሪያ ወጣ። አንድ የመዝናኛ ፊልም የመንግሥትን ፖሊሲ ሲያስለውጥ ብዙ ጊዜ አይታይም።

በጨዋታዎች በኩል አታሪ በ1980 ያወጣው «ሚሳይል ኮማንድ» ቀዳሚ ነው። ተጫዋቹ ስድስት ከተሞችን ከሚወርዱ ሚሳኤሎች ይከላከላል፣ ሚሳኤሎቹ ግን እየፈጠኑ እንጂ እየቀነሱ አይሄዱም። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ከተሞች ሲጠፉ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተለመደው «ጨዋታው አልቋል» የሚለው ጽሑፍ ሳይሆን «መጨረሻ» የሚል ቃል ነው። የጨዋታው ሠሪ ዴቭ ቶይረር በሥራው ወቅት ስለ ኒውክሌር ፍንዳታ ቅዠት ያስቸግረው እንደነበር ተናግሯል። በ2006 ኢንትሮቨርሽን የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ያወጣው «ዴፍኮን» ከዚህ ይቀዘቅዛል። ተጫዋቹ ከምድር በታች እንዳለ ጄኔራል በጨለማ ካርታ ላይ የሚያበሩ መስመሮችን ያያል፤ ከተማ ሲመታ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይልና በሚሊዮን የሚቆጠር የሟች ቁጥር ይጻፋል። ጩኸት የለም፣ ደምም የለም። ጨዋታው የሚያስፈራው ተጫዋቹ ቁጥሩን እንደ ነጥብ ማየት መጀመሩን ሲያውቅ ነው።

የሃሺሞቶ «1945–1998»

በዘርፉ በሰፊው ከታዩት ሥራዎች አንዱ የጃፓናዊው ኢሳኦ ሃሺሞቶ «1945–1998» የተባለው ቪዲዮ ነው። በ1959 የተወለደው ሃሺሞቶ ወደ ጥበብ ትምህርት የገባው ለብዙ ዓመታት በፋይናንስ ዘርፍ በውጭ ምንዛሪ ገበያ ከሠራ በኋላ ነው፤ ቪዲዮውንም በ2003 ሠራ። ርዝመቱ 14 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። በጥቁር ሰማያዊ የዓለም ካርታ ላይ አንድ ወር በአንድ ሰከንድ ያልፋል፤ የኒውክሌር ፍንዳታ በተካሄደበት ቦታ ነጥብ ብልጭ ይላል፣ ድምፅም ይሰማል። በካርታው ጠርዝ ላይ የየአገሩ ድምር ይቆጠራል። ተራኪ የለውም፣ ሐተታም የለውም። ለዚህም ነው ቋንቋ የማያግደው።

ቪዲዮው የሚጀምረው በጁላይ 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ በተካሄደው ትሪኒቲ በተባለው ሙከራ ነው። ቀጥሎ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ይመጣሉ፤ እንደሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ነጥቦች ናቸው። ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ይሆናል። የመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በዚህ ቦታ ሊሰለች ይችላል፣ ግን መታገሥ ያዋጣል። ሶቪዬት ኅብረት በ1949፣ ብሪታንያ በ1952 ከገቡ በኋላ ድምፁ ይደራረባል። ሙከራ ለጊዜው እንዲቆም ኃያላኑ በተስማሙበት ከ1958 መጨረሻ እስከ 1961 ባለው ጊዜ ካርታው ጸጥ ይላል ሲባል፣ በፌብሩዋሪ 1960 በሰሃራ በረሃ አዲስ ነጥብ ይበራል፤ ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሬጋን ላይ ያፈነዳችው የመጀመሪያ ቦምቧ ነው። እስከ 1966 ድረስ በአልጄሪያ ምድር 17 ፍንዳታዎች ተካሂደዋል። በ1962 ደግሞ በዓለም ዙሪያ በአንድ ዓመት 178 ሙከራዎች ሲደረጉ፣ በቪዲዮው 12 ሰከንድ ውስጥ የሚታጨቁት እነዚህ ሁሉ ናቸው። በዚህ ክፍል ነጥቦቹን መቁጠር አይቻልም፣ ድምፁም እንደ ቁማር ማሽን ድምፅ ይሆናል።

የሰሃራው ነጥብ ለአፍሪካ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። የፈረንሳይ ሙከራ በአህጉሪቱ ከባድ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጻረር ነው የሚለውን ውሳኔ ቁጥር 1653 ሲያጸድቅ፣ ውሳኔውን በማቅረብ ግንባር ቀደም የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ውሳኔው በ55 ድጋፍና በ20 ተቃውሞ አለፈ። የኒውክሌር ባለቤት ከነበሩት መካከል አሜሪካ፣ ብሪታንያ እና ፈረንሳይ ተቃውመዋል።

ቪዲዮው በ1998 በሕንድና በፓኪስታን ሙከራዎች ሲያበቃ ድምሩ 2053 ይደርሳል፤ አሜሪካ 1032፣ ሶቪዬት ኅብረት 715፣ ፈረንሳይ 210፣ ብሪታንያና ቻይና እያንዳንዳቸው 45፣ ሕንድ 4፣ ፓኪስታን 2። ሰሜን ኮሪያ ከ2006 እስከ 2017 ያደረገቻቸው ስድስት ሙከራዎች ከሥራው በኋላ የመጡ ናቸው። ሃሺሞቶ የተጠቀመበት መረጃ ምስጢር አልነበረም። ተመራማሪዎች ዘርዝረው ያሳተሙት ነው፤ ሰንጠረዡን ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የማይታየው ዐውደ ርእይ

ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የፉኩሺማ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ ሲደርስበት በአካባቢው የነበሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ልክ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማርች 11 ቀን 2015፣ ቺም ፖም የተባለው የጃፓን አርቲስቶች ቡድን ያነሣሣው «ነፋሱን አትከተሉ» የሚል ዐውደ ርእይ በዚሁ በተከለከለው ክልል ውስጥ ተከፈተ። ማንም ሊገባ ስለማይችል ሥራዎቹን ማየት አይቻልም ነበር። የዐውደ ርእዩ ድረ ገጽም ባዶ ነጭ ገጽ ነው፤ የሚከፍተው ሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ድረ ገጽ በሥዕል በተጨናነቀበት ዘመን ምንም አለማሳየት ስለ ጨረር ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ትክክለኛ መግለጫ ሆኗል።

ከተሳታፊዎቹ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ትሬቨር ፓግለን ከክልሉ የተሰበሰበ የመስኮት መስታወትንና በ1945 በትሪኒቲ ፍንዳታ አሸዋ ቀልጦ የተፈጠረውን ትሪኒታይት የተባለ ብርጭቆ መሰል ድንጋይ አንድ ላይ አቅልጦ ኩብ ሠርቷል። ኩቡ በክልሉ ውስጥ ተቀምጧል።

የማሽን ዓይን

ፓግለን በይበልጥ የሚታወቀው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ በሠራቸው ሥራዎች ነው። ከእሱ በፊት መንገዱን የጠረገው ጀርመናዊው የፊልም ሠሪ ሃሩን ፋሮኪ (1944–2014) ነው። ፋሮኪ ከ2000 እስከ 2003 በሠራው «ዓይን/ማሽን» በተባለው ተከታታይ ቪዲዮ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተተኮሱ ቦምቦች ራሳቸው የቀረጹትን ምስል አሳይቷል። እነዚህ ምስሎች ለሰው እንዲታዩ የተሠሩ አይደሉም፤ ማሽኑ ሥራውን እንዲሠራባቸው የተዘጋጁ ናቸው።

በ2019 ፓግለን ከተመራማሪዋ ኬት ክሮፎርድ ጋር በመሆን «ኢሜጅኔት ሩሌት» የተባለ ፕሮግራም ለሕዝብ ከፈተ። ኢሜጅኔት ኮምፒዩተሮች ዕቃና ሰውን እንዲለዩ ለማስተማር ያገለገለ፣ ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጉ ምስሎች ያሉት ክምችት ነው። ተጠቃሚው ፎቶውን ሲያስገባ ፕሮግራሙ በክምችቱ ስያሜዎች መሠረት ይሰይመዋል። ለአንዱ የሙያ ስም፣ ለሌላው ወንጀለኛ የሚል፣ ለጥቁር ሰዎች ደግሞ ዘረኛ ስድብ የሆኑ ስያሜዎች ይወጡ ነበር። ሥራው በጥቂት ቀናት ውስጥ በማኅበራዊ ሚዲያ ተዳረሰ፤ የክምችቱ አዘጋጆችም ወደ 600,000 የሚሆኑ የሰው ምስሎችን እንደሚያስወግዱ በዚያው ጊዜ አስታወቁ።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጆይ ቡኦላምዊኒ እና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ የፊት መለያ ሶፍትዌሮችን መርምረው ነበር። ጾታን በመለየት ረገድ በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ፣ በነጭ ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ስሕተት አግኝተዋል። ቡኦላምዊኒ ውጤቱን ወደ ቪዲዮ ግጥም ቀይራው ሶፍትዌሮቹ ሴሬና ዊሊያምስን የመሳሰሉ የታወቁ ጥቁር ሴቶችን እንዴት እንደሚሳሳቱ አሳይታለች።

በ2023 የዘርፉ ታዋቂ ሳይንቲስቶችና የኩባንያ መሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ዘር ሊያጠፋ የሚችል አደጋ በመሆኑ ከወረርሽኝና ከኒውክሌር ጦርነት እኩል ትኩረት ይሻል የሚል አጭር መግለጫ ፈርመዋል። ይህ የሩቁ ፍርሃት ነው። የፓግለንና የቡኦላምዊኒ ሥራዎች የሚያሳዩት ቅርቡን ነው፤ ሆኖም ሁለቱ የሚለያዩ አይደሉም። የፀሐይን ነጸብራቅ ሚሳኤል ያለው ዓይንና ሴትን ወንድ ያለው ዓይን የሠሩት ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ከስሕተቱ በኋላ የሚቆም ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። በኖቬምበር 2024 የአሜሪካና የቻይና ፕሬዚዳንቶች በሊማ ሲገናኙ የኒውክሌር መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንዲቆይ መስማማታቸውን ያስታወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትችት

በዘርፉ ላይ የሚነሣው ዋና ትችት ፍርሃትን ወደ ትርዒት ይለውጣል የሚል ነው። ስሚሪቲ ኬሻሪ እና ኤሪክ ሽሎሰር በ2016 በኒው ዮርክ ያቀረቡት «ዘ ቦምብ» የተባለ ሥራ ተመልካቹን በግዙፍ ስክሪኖች ከብቦ በቀጥታ በሚጫወት ሙዚቃ የፍንዳታ ፊልሞችን ያሳይ ነበር፤ ፍንዳታው ማማሩ ራሱ የሥራው ጥያቄ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንዶች ተሠርተው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጩ የፍንዳታ ደመናና ቀይ ዓይን ያላቸው የሮቦት ሥዕሎች ግን ውበቱን ይዘው ጥያቄውን ጥለውታል። ከዚህ ይልቅ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 የወጣው «ፕላን ኤ» የተባለ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ይበልጣል። በካርታ ላይ የሚሄዱ መስመሮችን ብቻ ያሳያል፤ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል ጦርነት ቢነሣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከ90 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚሞቱና እንደሚቆስሉ ያሰላል።

ሌላው ትችት የኤሌክትሪክ ፍጆታ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት የዳታ ማዕከላት የሚፈልጉት ኃይል እያደገ በመሄዱ በ2024 ማይክሮሶፍት በ1979 አደጋ የደረሰበት የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ፣ ጉዳት ያልደረሰበት ማመንጫው እንደገና እንዲከፈት የሚያስችል የኃይል ግዢ ውል ፈርሟል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የኒውክሌርን ስጋት የሚሥል አርቲስት መሣሪያው ራሱ ከኒውክሌር ጣቢያ ኃይል የሚያገኝበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ሂሮሺማ በቀለም

ማሽኑን ከፍርሃት ይልቅ ለማስታወስ ከተጠቀሙት ሥራዎች ውስጥ በጃፓን የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ሂደኖሪ ዋታናቤ እና የሂሮሺማ ልጅ የሆነችው አንጁ ኒዋታ የጀመሩት ይጠቀሳል። ኒዋታ ሥራውን የተቀላቀለችው በ2017፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። ከቦምቡ በፊት የተነሡ ጥቁርና ነጭ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀለም ይቀባቸዋል። ፕሮግራሙ የሰማይን፣ የዛፍንና የቆዳን ቀለም ደህና አድርጎ ይገምታል። የልብስን፣ የሱቅ ሰሌዳንና ሌሎች ሰው የሠራቸውን ነገሮች ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

ስለዚህ የተቀባው ፎቶ ከአደጋው ለተረፉ አረጋውያን ይታያል። እነሱም ይህ ልብስ እንዲህ አልነበረም፣ ያ ነገር ሌላ ቀለም ነበረው እያሉ ያርማሉ። ሲያርሙም ለብዙ ዓመታት ያላስታወሱት የጎረቤት፣ የመንገድና የልጅነት ወሬ ይመጣላቸዋል። ቀለሙ በተናገሩት ቃልና በጊዜው ሰነዶች መሠረት በእጅ ይስተካከላል። የተሰበሰቡት ፎቶዎች በ2020 በመጽሐፍ ታትመዋል።